አርባ ችግኝ በአንድ ቢላዋ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጀራ፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን ሳልመልስ ወር ማለፉን አውቃለሁ፤ በምን አፌ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ ግራ ገብቶኛል። በምሠራበት ቢሮ የአንድ ምግብ ቤት ኩሽና የግንባታ ሥዕል ሦስት ጊዜ ተመልሶብን ፋታ አጣሁ። እዚህ አገር አንድ የሳህን ማጠቢያ ለማስፈቀድ የሚወጣው ወረቀት በእናንተ ቀበሌ ከተማ ይቆረቆርበታል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። በምንሠራው ግቢ ውስጥ የምርምር መደቡን፣ አርባው እንሰት የተተከለበትን፣ ከትምህርት ቤቱና ከእርሻው መሀል የከተትኩት አውቄ ነው። ተማሪው ወደ ክፍሉ ሲሄድ፣ ገበሬው ወደ ማሳው ሲወርድ፣ ተመራማሪው ወደ ቢሮው ሲገባ ሁሉም በአርባው እንሰት መሀል እንዲያልፉ ፈልጌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በሠራሽበት የምርምር ማዕከል ገበሬው ከአጥሩ በቀር ያየው ነገር የለም ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። እኔ የሰማሁትን ነው የሣልኩት።

ማኅበራችን እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ ለሚያዘጋጀው እራት የሚታተመውን ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጀምሬዋለሁ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሚልኝ፦ «በዋቤ ማዶ ቀበሌ፣ ሕዝቡ ከግጦሹ ቀንሶ በሰጠው መሬት ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ እርሻና ምርምር በአንድ ግቢ የሚኖሩበት ተቋም እየተገነባ ነው። ሥራውን የሚያሠራው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር ነው። በየካቲት ወር አርባ አባወራዎች ከየጓሯቸው አንድ አንድ የእንሰት ችግኝ ሰጥተዋል። ችግኞቹ ሁሉ፣ የማኅበሩ ስም ተቀርጾበት ከአሌክሳንድሪያ በተላከ አንድ ቢላዋ ከእናታቸው ተቆርጠው በግቢው እምብርት ተተክለዋል። ተቋሙ ለመስቀል ይመረቃል።»

አንድ ቢላዋ የሚለው የኔ ሐሳብ ስለነበር ትንሽ ተኩራርቼበታለሁ፤ ታገሺኝ። እራቱ ሐምሌ 5 ቅዳሜ ነው። የአርባውን እንሰት የአሁኑን ፎቶ ስጠይቅሽ ይህ ሦስተኛዬ ነው። አክስቴን እቴቴ ብርሃነሽንስ አየሻቸው ወይ? ባለፈው ስለሳቸው ምንም አልጻፍሽልኝም።

ከፈለ

ወልቂጤ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢንጂነር ከፈለ፤

አርክቴክት ነኝ ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ወረቀት ላይ ቤት የሚሠራ ሁሉ ኢንጂነር ነው፣ ቻለው። አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። ደብዳቤህን እንደ ወትሮው ሐሙስ ገበያ ወጥቼ፣ ኢንተርኔት ቤት አሳትሜ፣ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ስልክ ይሻላል ያልከውን ተወው። ዋቤ ማዶ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ወጥተህ ስትጮህ ነው፤ የምትለውንም ቀበሌው በሙሉ ይሰማዋል። በደብዳቤ እንቀጥል።

ጽሑፍህ ጥሩ ነው። ሁለት እርማት አለኝ። «አባወራዎች» አትበል፣ «ቤቶች» በል፤ ጓሮውን የምታውቀው ሴቷ ናት። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ መሬት ሰጠ ብለህ ዝም አትበል። አቶ መንገሻና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሲሰጡ ያሉትን አንተም ቆመህ ሰምተሃል። ይህ ግቢ በማንም ጓሮ ላይ ጉዳት ካመጣ መሬቱ ወደ ግጦሹ ይመለሳል ብለዋል። ይህንንም ጻፈው፤ ባትጽፈውም አትርሳው።

የክፍሎቹ ጣሪያ ተመቷል። የላቦራቶሪው ግንብ መስኮት ደርሷል። ፎቶውን በተመለከተ ዳመናው አላስነሣ አለኝ፤ ትንሽ ታገሠኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቲና በየካቲት የቀረጸችው ሙሉው ቪዲዮ አባቷ ጋ ነው አይደል? ችግኝ ስንቆርጥ ከማን ቤት ጀምረን በማን ቤት እንደጨረስን በተራ ጽፈህ ላክልኝ። እኔም ጽፌው ነበር፣ ደብተሬ ግን ዝናብ አገኘው።

እቴቴ ብርሃነሽ ደህና ናቸው ብዬ ልለፈው።

ሀጀራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጀራ፤

ደህና ናቸው ብዬ ልለፈው ማለት ምን ማለት ነው? አሥር ቀን ሙሉ ይህችን አንዲት መስመር ነው ያነበብኩት። ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ የታመሙ እንደሆነ ንገሪኝ። ደርሼ መምጣት ባልችልም ማወቅ አለብኝ።

ትናንት አሌክሳንድሪያ ሄጄ ከቲና ጋር ሦስት ሰዓት ቪዲዮውን አየን። አባቷ ወንድይራድ፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ከኋላችን እየተመላለሰ የትኛውን ለእራቱ እንደምናሳይ ይመርጥ ነበር። የአርባውን ቤት ተራ በሌላ ወረቀት አያይዤልሻለሁ። የመጀመሪያው የእቴቴ ብርሃነሽ ጓሮ ነው። የኔ ይቅደም ብለው ሽማግሌዎቹን ሲያስቸግሩ ይሰማል። የመጨረሻው የአቶ መንገሻ ነው። ምን ያደርግልሻል? ደብተርሽ ዝናብ ቢያገኘው እንኳ አንቺ አርባ ቤት የምትረሺ ሰው አይደለሽም።

ደግሞ አንድ ያላስተዋልኩት ነገር አየሁ። ሁለተኛው ቤት ላይ፣ ቢላዋው ከእቴቴ ጓሮ እንደመጣ፣ አንቺ የሚነድ ችቦ ይዘሽ ወደ ቢላዋው ትጠጊያለሽ። ከካሜራው ኋላ አንድ ሰው ጭሱ ሥዕሉን ያበላሻል፣ አጥፊው ይልሻል። አንቺም ታጠፊዋለሽ። ያ ችቦ ለምን ነበር?

ጭንቅላቴ መጥፎ መጥፎውን እያሰበ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ።

ከፈለ

ወልቂጤ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከፈለ፤

አክስትህ አልታመሙም። ጓሯቸው ነው የታመመው። የአንተም ግቢ ታሟል። ወር ሙሉ ይህን ሳልነግርህ ስለ ጣሪያና ስለ ግንብ ስጽፍልህ የቆየሁት ፈርቼ ነው፤ ይቅር በለኝ።

መጀመሪያ ያየሁት በሚያዝያ መጨረሻ፣ በግቢው አስታራ በሚባለው የእንሰት ዝርያ ላይ ነው። የመሀል ቅጠሉ ቢጫ ሆነና ታጥፎ ወደቀ። ብቆርጠው ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ አወጣ። ዕድሜዬን የሠራሁበት በሽታ ነው፣ አልሳሳተውም። አጠውልግ ይባላል፤ መድኃኒት የለውም። ከእንሰት ወደ እንሰት የሚወስደው ከምንም በላይ የሰው ቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን ከነካ፣ በሽታው ተሻገረ ማለት ነው። ችቦው ለዚያ ነበር። በየቤቱ ቢላዋውን ልለበልብ ነበር ይዤው የወጣሁት።

«አንድ ሰው» ያልከውን ሰው ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ድምፅህን እኔም አልረሳሁትም። አንተን ብቻ ግን አልከስም። ባለሙያዋ እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ካሜራው ተደግኖ፣ ከአሜሪካ እንግዳ መጥቶ፣ እኔ በጭስ ላበላሽባችሁ አፈርኩ። የማንም ጓሮ ታሟል የሚል ወሬ ስላልሰማሁ ምንም አይሆንም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እስከ ትናንት ከአርባው አሥራ ሰባቱ ታይቶባቸዋል። ችግኝ ከሰጡት ቤቶች ደግሞ የስድስቱ ጓሮ ውስጥ አይቻለሁ። ዝርዝርህ ያረጋገጠልኝ የፈራሁትን ነው፤ መጀመሪያ የተቆረጡት በብዛት ታመዋል፣ ወደ መጨረሻው እየቀነሰ ይሄዳል። የተነሣው ከመጀመሪያው ጓሮ ነው። እቴቴም ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ሰሞኑን ስሄድ የጓሮውን በር አስረው ነው የሚያነጋግሩኝ።

ሰዉ ዝናቡ ስለበዛ ነው ይላል። የታመመውና አጠገቡ ያለው ተነቅሎ መቀበር አለበት፤ ማንም እውነቱን ሳያውቅ ደህና የሚመስል እንሰት አይነቅልም። ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ ሴቶቹ ለመስቀል የሚሆነውን እንሰት በደቦ መፋቅ ይጀምራሉ። ቢላዋቸውን ይዘው ዛሬ እዚህ ቤት፣ ነገ እዚያ ቤት ናቸው። ከዚያ በፊት ካልተነገራቸው አርባ ጓሮ ሳይሆን ቀበሌው በሙሉ ይሄዳል። ከነገርናቸው ደግሞ መሬቱ ይሄዳል፤ ግቢህም አብሮ። እኔ ብቻዬን መወሰን አቃተኝ።

ሀጀራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጀራ፤

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። አንዱ በቁጣ ነበር፣ አንዱ በለቅሶ፣ አንዱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ መስኮት መስታወት። ይህ አራተኛው ነው፤ ከሦስቱም የተሻለ አይደለም።

አዎ፣ ድምፁ የኔ ነው። ቲና ናት ያወቀችው። «አንተ እኮ ነህ፣ ሊስን» ብላ ደግማ አሰማችኝ። ለአንቺ ስጽፍ «አንድ ሰው» ያልኩት ድምፁ የማን እንደሆነ ረስተሽው ይሆናል ብዬ ነው። ይህም ማታለል ነው፣ አውቃለሁ።

ሀጀራ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ በኖርኩበት ሃያ ሁለት ዓመት ከሰው ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ያለፈ ነገር የሣልኩት ይህን ግቢ ብቻ ነው። አራት ዓመት ቅዳሜና እሑዴን ሰጥቼዋለሁ። ሰው ምን ትሠራለህ ሲለኝ ይህንን ነው የማሳየው። ጣሪያው ከተመታ በኋላ መሬቱ ተወሰደ ሲባል መስማት አልችልም።

ወንድይራድን ነገሩን ሳልዘረዝር ችግኞቹ ትንሽ ታመዋል ብዬ ሞከርኩት። «ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ኮንፈርም አድርጓል። አሁን ስለ በሽታ ብታወራ ፓኒክ ነው የምትፈጥረው። መጀመሪያ ኢቨንቱ ይለፍ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱም እንደኔ ፈርቷል።

እስኪ እንዲህ ብናደርግ። በግቢው ያሉትን የታመሙ በዝምታ ንቀሊና ቅበሪ። ለሴቶቹ ምክንያቱን ሳትነግሪ ቢላዋቸውን በእሳት እያሳለፉ እንዲሠሩ ብቻ ምከሪያቸው። እራቱ ይለፍ፣ መስቀል ይለፍ፣ ከዚያ እኔው ራሴ መጥቼ እናገራለሁ። ይህ የፈሪ ሐሳብ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ይሠራ እንደሆነ ሞክሪልኝ።

ከፈለ

ወልቂጤ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከፈለ፤

ሞከርኩልህ። ማክሰኞ ሴቶቹን ሰብስቤ ቢላዋ በእሳት አሳልፉ አልኳቸው። ለምን አሉኝ። ለንጽሕና ነው አልኩ። እስከ ዛሬ በቆሻሻ ነበር ወይ የበላነው አሉኝ። ሂክማ የምትባለው የአክስትህ ጎረቤት፣ ቀልድ የምታውቅ ናት፣ አንቺ ደግሞ ጡረታ ስትወጪ ቢላዋ ጠባሽ ሆንሽ እንዴ ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን በሳቄ አፈርኩ፣ በአንተም ተናደድኩ። የተማርን ነን የምንል ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለን ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ይታዘዘን ማለታችን ነው። ለዚህ ነው ወይ ትምህርት ቤት የምንሠራው?

በዝምታ ንቀሊ ያልከውም በዝምታ አይሆንም። በግቢው አሥራ ሰባቱን ነቅዬ ስቀብር ሰው አጥሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ጥበቃው ስንጠየቅ ምን እንበል አለኝ።

የታመመባቸው ቤቶች አሁን ዘጠኝ ሆነዋል። ሦስቱ በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ናቸው። ዘጠነኛው የሂክማ ነው፤ እሷ ገና አላስተዋለችም። አምስት ልጆች አሏት። ጓሮዋ ውስጥ ቆሜ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

አክስትህ ባገኙኝ ቁጥር «ከፈለ ምን አለ?» ይሉኛል። ስለ ምን እንደሆነ ግን አይሉኝም፣ እኔም አልጠይቃቸውም።

የመጨረሻ ቃሌን ልንገርህ። ሰኔ 26 ሐሙስ ወልቂጤ እመጣለሁ። ያን ቀን አንተ ለሽማግሌዎቹ የጻፍከው ደብዳቤ ካለ በአንተ ስም አነባለሁ። ከሌለ በኔ ስም እናገራለሁ። በሁለቱም መንገድ እሑድ ሰኔ 29 ይነገራል። ካንተ ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ እንድትቀድም ብዬ ነው።

ሀጀራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀጀራ፤

በደብዳቤሽ የተቆጣሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። አምስት ልጆች አሏት ያልሽው ላይ ነው የወደቅሁት።

ትናንት ወንድይራድ ቤት ሄጄ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። የሱም እናት ቤት ከአርባው አንዱ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ እሱ ግን አልረሳም። ቢላዋውን ያስቀረጸውም እሱ ነው። በመጨረሻ «እኔ ስቴጅ ላይ ወጥቼ ይህን አልልም። የምትል ከሆነ አንተ በላቸው» አለኝና ወደ ውስጥ ገባ። ቲና እስከ መኪናዬ ድረስ ሸኘችኝ።

ለሽማግሌዎቹ የጻፍኩት ከታች አለ። ሳታሳጥሪ አንብቢልኝ። ስለ እቴቴ ጓሮ ያላነሣሁት ሆን ብዬ ነው፤ አንቺም አታንሺ። ይህችን ብቻ ተይልኝ።

«ለተከበራችሁ የዋቤ ማዶ አገር ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፤

እኔ ከፈለ፣ ግቢውን የሣልኩት ልጃችሁ ነኝ። በጓሯችሁና በግቢው ውስጥ እንሰቱን እያደረቀ ያለው ዝናብ አይደለም፣ አጠውልግ ነው። በየቤታችሁ ያዞረው በየካቲት ወር ችግኝ የተቆረጠበት ያ ቢላዋ ነው። አንድ ቢላዋ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ሀጀራ በእሳት ልትለበልበው ስትል ለሥዕል ብዬ የከለከልኳትም እኔ ነኝ። ከማን ጓሮ ተነሣ ተብሎ እንዳይጠየቅ እለምናችኋለሁ፤ ያዞረው እኔ ነኝና።

የታመመው ሁሉ ከነጎረቤቱ ተነቅሎ ካልተቀበረ፣ ቢላዋውም በእሳት ካላለፈ፣ የመስቀሉ ደቦ በሽታውን ለቀበሌው በሙሉ ያደርሰዋል። ስለዚህ ከደቦው በፊት የወይዘሮ ሀጀራን ምክር ስሙ። መሬቱን ስትሰጡ ያላችሁትን አልረሳሁም። ውሳኔያችሁን አልከራከርም።»

አነበብሽው? አሁን ምን እንደሚሉ ሳላውቅ አንድ ሳምንት መኖር አለብኝ።

ከፈለ

ወልቂጤ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከፈለ፤

እሑድ ጀፎረው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት በቤቶቹ ፊት ባለው ሣር ላይ፣ ደብዳቤህን አነበብኩት። ችቦውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ የራሴንም ጨመርኩበት። የተባለውን ሁሉ አልጽፍልህም፤ አንዳንዱን መስማት አያስፈልግህም። አንዳንዶች ተነሥተው ሄዱ። አቶ መንገሻ ደግመሽ አንብቢው አሉኝ፤ ደግሜ አነበብኩት። ሂክማ የኔም አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት።

ከማን ጓሮ ተነሣ እንዳይባል የለመንካቸውን ልመና ማንም አልነካውም ነበር። እቴቴ ብርሃነሽ ግን ራሳቸው ተነሡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሳቸው አፍ ስማው፤ ከዚህ በታች እሳቸው እያሉ የጻፍኩት ነው።

የተወሰነው ይህ ነው። መንቀሉ ሰኞ ተጀመረ፤ ሁሉም ቢላዋ በእሳት እያለፈ ነው። የመስቀሉ ደቦ ዘንድሮ አይኖርም፣ እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ቢላዋ ይሠራል። በግቢው የቀሩት ሃያ ሦስት ችግኞች ደህና ቢመስሉም ተነቅለዋል፤ እኔው ነኝ የነቀልኳቸው። ምረቃ የለም። ስለ መሬቱ ከመስቀል በኋላ ይታያል ተብሏል። ምን ይወስናሉ ብትለኝ አላውቅም፣ ፊታቸውን አይቼ ልገምት አልቻልኩም። በሽታው ቆሟል ወይ ካልከኝ ደግሞ የምናውቀው ከወራት በኋላ ነው።

ሀጀራ

ልጄ ከፈለ፤

ሀጀራን እንደምናገረው ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ሲነበብ ሰማሁ። ጥፋቱን ሁሉ ለብቻህ ተሸከምከው። እኔን ለመሸፈን ብለህ እንደሆነ ገባኝ። አልቻልኩም ልጄ። ሰው ፊት ቆሜ ተናገርኩ፣ ላንተም እነግርሃለሁ።

በሽታውን ያየሁት እናንተ ሳትመጡ በጥር ነው። አመራት ከሚባለው የእንሰት ዓይነት የአንዷ ልብ ቢጫ ሆነ። ሀጀራ ታውቀዋለች ብዬ ቅጠሉን በነጠላዬ ሸፍኜ እሷ ወደምትሠራበት ወደ ግቢህ ሄድኩ። ጥበቃው «እማማ፣ ቀጠሮ አለዎት?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «ጉዳይዎን ይንገሩኝና መዝገብ ላይ ልጻፈው» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ እንደታዘዘው ነው። ከኋላዬ ሰዎች ቆመዋል። የኢንጂነሩ አክስት ጓሮ ታመመ ብዬ በመዝገብ ላስጽፍ? ዘመድ ጥየቃ ነው የመጣሁት አልኩና ተመለስኩ። ቅጠሉን ቤቴ አቃጠልኩት።

እናንተ ስትመጡ ቢጫ ቢጫውን አስቀድሜ ቆርጬ አንሥቼ ነበር። የኔ ጓሮ ይቅደም ብዬ የጮኽኩትም ማንም እንዳይጠረጥረኝ ነው።

የኔን ጓሮ ማክሰኞ ነቀሉት። ከሠርጌ ጀምሮ እየተካሁ ያቆየሁት ነበር። አሁን የምበላው ሂክማ ቤት ነው። የሷም ግማሹ ሄዷል፤ ያም ሆኖ ልጇን ልካ ትጠራኛለች፣ እምቢ ስል ራሷ ትመጣለች። ምግቡ ይወርዳል፣ ሀፍረቱ ነው የማይወርደው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እኔ ሥዕል አላውቅም። በሣልከው ግቢ ውስጥ እንደኔ ያለች አሮጊት የታመመ ቅጠል ይዛ ብትመጣ፣ ማንም ሳያያት፣ ስሟ ሳይጻፍ የምትገባበት በር አለ?

አክስትህ ብርሃነሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእቴቴ ብርሃነሽ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሀጀራ ይህን ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

ደብዳቤዎ ከእራቱ በፊት ደረሰኝ። ትናንት አሌክሳንድሪያ ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሜ የሆነውን ተናገርኩ። ቪዲዮውን አላሳየንም። ስለርስዎ አልተናገርኩም፤ ያ የርስዎ ነው። ጥቂት ሰዎች ጥለው ወጡ፣ ጥቂቶች ሰደቡኝ፣ አብዛኞቹ የእናታቸው ቤት ከአርባው ውስጥ መኖር አለመኖሩን እየመጡ ጠየቁኝ። ስማቸውን ከዝርዝሩ እየፈለግኩ ስነግራቸው አመሸሁ። ወንድይራድ እስካሁን አያነጋግረኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ቲና ደውላ አባቷ ወደ እናቱ ለመሄድ ቲኬት እየፈለገ መሆኑን ነገረችኝ።

እቴቴ፣ በርስዎ አልተቀየምኩም። ሀፍረትዎን ያወረስኩዎት እኔ ነኝ። ልጄ ትልቅ ነገር ይሠራል ብለው አገር ሁሉ እንዲያይዎት አደረግኩና፣ መውደቂያ ቦታ አሳጣሁዎት።

የጠየቁኝን በር ፈለግኩት። የግቢውን ሥዕል ወረቀቶች በሙሉ ወለሉ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ ገባሁ። ለተማሪ በር አለ፣ ለመኪና በር አለ፣ ለእንግዳ በር አለ፣ ለከብት እንኳ ለብቻው ሠርቼለታለሁ። እርስዎ ያሉት በር የለም። አራት ዓመት ስሥለው አንድ ቀን ትዝ አላለኝም።

መሬቱን ቢመልሱትም ባይመልሱትም ለመስቀል እመጣለሁ። ከዚህ ሆኜ ያንን በር አልሥለውም፣ እንደገና እሳሳታለሁ። በጥር የሄዱበትን መንገድ አብረን እንሄዳለን። እግርዎ የተመለሰበት ቦታ ላይ ያቁሙኝ።

ልጅዎ ከፈለ